መልስ፦ የደሴውን መጠለያ ስለማስፋት

«ለጎዳና አዛውንቶች በኪራይ ቤት የጀመርነውን መጠለያ እንዴት እናስፋው?» ላልከው፣ እኔ ብሆን አልጋ አልጨምርም። መጀመሪያ ቀን ቀን የሚሠራ ነገር ክፈቱ፤ ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ አንድ ትኩስ ምግብ። ማደር የሚፈራውም በዚያ ይለምዳችኋል። ለምግብ ማብሰያ ገንዘብ አታባክኑ፤ የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ትልልቅ ብረት ድስት አለው፣ ለቅሶ ከሌለ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ሽማግሌዎቹን በወግ ጠይቋቸው። ብርድ ልብስ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ (ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ቀልድ አያውቅም)።

ለሕክምናው ቀበሌን ያዙ፤ መክፈል ለማይችሉት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮን መንግሥት ይሸፍናል፣ ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ነው ታዲያ። ለምዝገባው ደግሞ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ ለሚሠሩ ድርጅቶች ነው። እናንተ ደሴ ብቻ ከሆናችሁ አዲስ አበባ አትመላለሱ፣ በክልሉ ተመዝገቡ።