የአያት በሶና የሱቅ ብስኩት

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጅ አለኝ። አማቴ ቅዳሜ ገበያ ወርደው ገብስ ይገዙና በሶ ያዘጋጁለታል፤ እሱ ግን ብስኩትና ለስላሳ ካልተገዛለት ያለቅሳል። አማቴ «ፋብሪካ የነካውን አትስጪው» ይሉኛል። ዘይቱስ ከፋብሪካ አይደል የሚመጣው?
(እናት፣ ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ የሰጉበት ነገር እውነት ነው። ግን ፋብሪካ ስለነካው ብቻ ምግብ አይበላሽም። በሶውም ቢሆን ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ነው። መታየት ያለበት ምን እንደተጨመረበት ነው።

ኖቫ የሚባል ምደባ አለ። ብራዚል ውስጥ በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው፤ ምግብን እንደ አሠራሩ በ4 ይከፍላል። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና የአማትሽ በሶ 1ኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨውና ስኳር 2ኛው ናቸው፣ ማብሰያ ማለት ነው። በዱቄት፣ በእርሾ፣ በውሃና በጨው ብቻ የተጋገረ ዳቦ 3ኛው። ጣጣው 4ኛው ላይ ነው፦ ለስላሳ፣ ቺፕስ፣ ከረሜላ፣ አብዛኛው የታሸገ ብስኩት፣ ባጠቃላይ ጓዳሽ ውስጥ የማታገኚው ቀለም፣ ሽታና ማጣፈጫ የገባበት ሁሉ።

እስቲ የብስኩቱን ላስቲክ ገልብጪው። የገቡት ነገሮች የሚጻፉት በመጠን ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙው ይቀድማል። ከዱቄት ቀጥሎ ስኳር ካየሽ ገባሽ ማለት ነው። ለስላሳውማ የባሰ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጁስ ውስጥ ያለውም ጭምር፣ በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት ይላል። ለልጅሽ 35 ግራም ገደማ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ልጁ ገና ምሳ ሳይበላ የቀኑ ድርሻ ሊያልቅ ትንሽ ቀረው።

ምድቡ ግን ሁሉንም አይነግርሽም። ብረትና ቫይታሚን የተጨመረበት የታሸገ የሕፃናት ገንፎም 4ኛው ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከለስላሳ ጋር ግን በፍጹም አይተካከልም። በሶውም ውስጥ ስኳር በማንኪያ ላይ ማንኪያ ከገባ ምድቡን አይተሽ አትጽናኚ።

ባንዴ አትከልክዪው፣ አልቅሶ ያሸንፍሻል። ለስላሳውን ከቤት አውጪው፣ ብስኩቱን ለሰንበት አቆዪው። በሶውን በቅቤ ለውሳችሁ ትንንሽ ጭብጦ አድርጉለትና ምሳ ዕቃው ውስጥ ክተቺለት። ሲለወስ እሱም እጁን ይንከር፤ ራሱ የጠቀለለውን እምቢ አይልም።