ሁሉም «50ዋን ግዢ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ካነን ኤም50 ካሜራ አለኝ። ሌንሱ አብሮት የመጣው 15-45 ሚሊሜትር ነው። ቀን ደጅ ላይ ጥሩ ያነሳል። ማታ ቤት ውስጥ ግን ፎቶው ወይ ይደበዝዛል ወይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የማነሳው በአብዛኛው የቤተሰብ ነገር ነው፤ ቡና ሲፈላ፣ ልደት፣ ክርስትና። ገንዘቤ ለአንድ ያገለገለ ፕራይም (ዙም የሌለው) ሌንስ ብቻ ነው የሚበቃው። የጠየቅኩት ሁሉ «50ዋን ግዢ» ይለኛል፣ 50 ሚሊሜትሯን ሌንስ ማለታቸው ነው። እናንተስ? (አንባቢያችሁ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም መጀመሪያ የገዛሁት 50ዋን ነበር። ከዚያ የእህቴ ልጅ ክርስትና መጣ። ጠባብ ሳሎን፣ ሰው ጢም ብሏል፣ እኔ ጀርባዬን ቡፌው ላይ ለጥፌ ወደ ኋላ የምሄድበት አጥቻለሁ፣ ያም ሆኖ የገባልኝ የሕፃኑ ግንባርና የአያቱ አገጭ ነው።

ምክንያቱ የካሜራሽ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ነው። ከፉል ፍሬም (የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል ከሆነው ትልቁ ሴንሰር) ስለሚያንስ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 አባዢው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፎቶው ውስጥ የሚገባልሽ ይጠብባል። 50 ሲባዛ 80 ይሆናል። ይሄ ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ ደጅ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ እናንተ ጋ ደግሞ ሐይቁ ዳር። ረከቦቱን፣ ቡና ቀጂዋንና ዙሪያውን የተቀመጡትን ጎረቤቶች አንድ ላይ ላንሳ ካልሽ ግን ግድግዳ ማፍረስሽ ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ 22ቷ፣ ኤፍ 2 የሆነችው። (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) ስትባዛ 35 ገደማ ትሆናለች፣ ለክፍል ውስጥ ልክ ናት። ክብደቷ 105 ግራም ብቻ ስለሆነ ካሜራው ላይ ያለች አትመስልም። ብርሃኑን ደግሞ እይው፤ ያሁኑ ሌንስሽ ወደ 45 ሲሳብ ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም፣ ኤፍ 2 ከዚያ ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በዚያው አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 1/10 ሰከንድ ላይ ይንቀጠቀጥብሽ የነበረው ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ገባ ማለት ነው። ብቻ ኤፍ 2 ላይ ፎከሱ ቀጭን ነው፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ትንሽ ርቀት ብቻ ነው። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ከተቀመጠ ቀዳዳውን ትንሽ ዝጊው።

50ዋ የምትበልጥበት አንድ ነገር አለ፣ አልደብቅሽም። ካነን የኤም ካሜራዎቹን መስመር ትቶ ወደ አርኤፍ (የአር ካሜራዎቹ የሌንስ መግጠሚያ) ዞሯል። 22ቷ ከኤም ካሜራ ውጪ አትገጥምም። 50ዋ፣ ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ማለቴ ነው፣ ነገ አር ካሜራ ብትገዢም በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ትሠራለች። ግን ዛሬም ኤም50 ላይ ያለ አዳፕተር አትገባም፣ የሱን ዋጋ ደምሪበት። (አዳፕተሩ ውስጥ መስታወት የለም፣ ብርሃን አይቀንስም።)

ያገለገለ ስትገዢ የስልክሽን መብራት በአንድ በኩል አብሪና በሌላው በኩል አጮልቀሽ እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ በነፃ ቢሰጡሽም ተይው። አቧራ ትንሽ ቢኖር ግን ችግር የለውም። ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያው ግጠሚውና ቅርብም ሩቅም ፎከስ አስደርጊው።

ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ያለሽን ሌንስ 22 አካባቢ በፕላስተር እሰሪውና አንድ እሁድ በሱ ብቻ አንሺ። በሚቀጥለው እሁድ 45 ላይ። ሁለተኛው እሁድ ከተመቸሽ ክርስትናዬን እርሺውና 50ዋን ግዢ።