ከንጉሡ በፊት ግብሩን እዩ፦ የአውሮፓን ታሪክ ለምታጠኑ ወጣቶች

ታሪክ፣ ሕግ ወይም የፖለቲካ ሳይንስ ለምታጠኑ ወጣቶች፣

ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የሚጻፍ የተማሪ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሥታትን ፊት ለፊት አቁሞ ይጀምራል። በአንድ ወገን ቬርሳይ ተቀምጦ ያለ ከልካይ የሚያዝ ሉዊ 14ኛ፣ በሌላ ወገን ፓርላማ እጁን የያዘው የእንግሊዝ ንጉሥ። ይህ አከፋፈል ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ነገሩን ለመረዳት ግን አይበቃም። የምመክራችሁ ስለ ንጉሡ ጠባይና ማዕረግ ከማንበባችሁ በፊት ግብሩን ማን እንደሚፈቅድለትና ለስንት ጊዜ እንደሚፈቅድለት እንድታጣሩ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ከእንግሊዝ እንጀምር። ቀዳማዊ ቻርልስ በ1625 ሲነግሥ፣ ለቀደሙት ነገሥታት ዕድሜ ልካቸውን ይፈቀድ የነበረውን የወደብ ቀረጥ የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት ለአንድ ዓመት ብቻ ሊሰጠው ወሰነ። ንጉሡ ያለ ፈቃድ መሰብሰቡን ቀጠለ። ከ1629 ጀምሮ ደግሞ 11 ዓመት ያህል ፓርላማ ሳይጠራ ገዛ። በዚያ ጊዜ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ «የመርከብ ገንዘብ» የሚባለው ነው። የባሕር ዳር ከተሞች በአደጋ ጊዜ መርከብ የሚያቀርቡበት የቆየ ግዴታ ነበር፤ በ1634 በሰላም ጊዜ ተጠየቀ፣ በ1635 ደግሞ ከባሕር ለራቁት የመሀል አገር አውራጃዎች ሁሉ ተዳረሰ። ጆን ሃምደን የሚባል ባለርስትና የፓርላማ አባል አልከፍልም ብሎ ተከሰሰ። በ1638 ከ12ቱ ዳኞች 7ቱ ለንጉሡ፣ 5ቱ ለሃምደን ፈረዱ። ንጉሡ ረታ፤ ነገር ግን 5 ዳኞች መቃወማቸው ከተሰማ በኋላ የሚከፍለው ሰው ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄደ። ያም ሆኖ ሰላም እስካለ ድረስ በዚህ መንገድ መግዛት ይቻል ነበር። ያፈረሰው የስኮትላንድ ጦርነት ነው፤ ለዘመቻ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው በ1640 ፓርላማውን ሳይወድ ጠራ።

ብዙ ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ፣ ንጉሡ ከፓርላማው ጋር ተዋግቶ ተሸንፎ በ1649 ስለተሰየፈ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ይጽፋል። አላለቀም። 1685ን ተመልከቱ። ዳግማዊ ጄምስ ሲነግሥ ፓርላማው ደስ ብሎት ዋና ዋና ገቢዎችን ለዕድሜ ልክ ፈቀደለት። ንግዱ ስለደራ ቀረጡ ከታሰበው በላይ ገባ። በዚያው ዓመት በኅዳር ምክር ቤቱ የካቶሊክ መኮንኖችን ሹመት ሲነቅፍ፣ ንጉሡ ስብሰባውን በተነ፤ ከዚያ በኋላ በእሱ ዘመን ፓርላማ አልተሰበሰበም። ለምን ይሰበሰባል? ገንዘቡ በእጁ ነው። ፓርላማው በገዛ ድምፁ ራሱን አላስፈላጊ አድርጎ ነበር ማለት ነው።

ጄምስን ከዙፋኑ አውርዶ ከሆላንድ የመጣውን ዊልያምንና ሚስቱን ሜሪን ያነገሠው የ1688ቱ ለውጥ ትምህርቱን ከዚህ ወሰደ። በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብን ብቻ አልከለከለም፤ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ መሰብሰብንም ሕገ ወጥ አደረገ። ያችን «ከተፈቀደው ጊዜ በላይ» የምትል ሐረግ ከሥሯ አስምሩባት። በ1690 ለዊልያምና ለሜሪ የወደብ ቀረጥ የተሰጠው ለ4 ዓመት ብቻ ነው። ከጦሩ በኩል ደግሞ የአመፅ ሕግ የሚባለው አለ። የሚያምፀውን ወይም የሚከዳውን ወታደር በጦር ፍርድ ቤት ለመቅጣት ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ሲሆን፣ የጊዜ ገደብ ተቆርጦለት በ1689 ወጣ፤ በኋላም በተለምዶ በየዓመቱ ይታደስ ነበር። ካልታደሰ አዛዡ በሰላም ጊዜ ከድቶ የሄደን ወታደር በወታደራዊ ሕግ መቅጣት አይችልም። ከ1689 ወዲህ ፓርላማው ሳይሰበሰብ ያለፈ ዓመት የለም፤ ያስገደደው ደግሞ የነገሥታቱ ቅንነት ሳይሆን ይህን የመሰለ የቀን ገደብ ነው።

ወደ ፈረንሳይ ስትሻገሩ በመጀመሪያ የሚያሳስታችሁ የፓሪሱ ፓርልማ ነው። እሱ ፍርድ ቤት እንጂ የተወካዮች ምክር ቤት አይደለም። የንጉሡን አዋጅ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ካልጣመው ከማስፈሩ በፊት አቤቱታ ይጽፋል። ንጉሡ እምቢ ካለ ራሱ ወደ ችሎቱ ይመጣል፤ ሊ ደ ዡስቲስ በሚባለው ሥነ ሥርዓት በአዳራሹ ጥግ ዳስ ተጥሎለት ትራስ ላይ ይቀመጥና አዋጁ እዚያው ፊቱ እንዲመዘገብ ያዛል። ንጉሡ ራሱ ሲገኝ የዳኞቹ ሥልጣን ይቆማል ተብሎ ይታመን ስለነበር የሚከራከር የለም። በ1673 ሉዊ 14ኛ አቤቱታው ከምዝገባ በኋላ ብቻ እንዲቀርብ አደረገ፤ በ1715 እሱ እንደሞተ ወዲያው የቀድሞው መብት ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ብዙ መጻሕፍት ፈጥነው የሚያልፉትን ነገር ላሳያችሁ። የፈረንሳይ ዳኛ ወንበሩን በገንዘብ የገዛው ነው። ከ1604 ጀምሮ በየዓመቱ የሹመቱን ዋጋ አንድ ስልሳኛ ከከፈለ ለልጁ ማውረስ ይችላል። «ፍጹም» የተባለው ንጉሥ ይህን ዳኛ ለማባረር የሹመቱን ዋጋ መመለስ አለበት፤ ገንዘቡ ግን የለውም። ስለዚህ አንታንዳን የሚባሉ፣ በፈለገ ጊዜ የሚሽራቸው ሹማምንት ወደየክፍለ አገሩ ላከ። በአንጻሩ የእንግሊዝ ዳኞች በዳግማዊ ጄምስ ዘመን ንጉሡ እስከወደደ ድረስ ብቻ የሚቀመጡ ነበሩ፤ በ1686 የማይስማሙትን አንሥቶ በሌሎች ተካ። የእንግሊዝ ዳኛ ወንበር በሕግ የጸናው በ1701 በወጣው የዙፋን ወራሽነት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ንጉሥን የማይፈራ ዳኛ ፈልጉ ብትባሉ ወደ ፓሪስ መሄድ ሳይሻል አይቀርም።

ግን የፈረንሳይ ነገሥታት የሸጡት ሹመት ዕዳ ነው፤ መኳንንቱና ካህናቱም ታይ ከሚባለው ዋና ግብር በአብዛኛው ነፃ ነበሩ። በ1694 የተቋቋመው የእንግሊዝ ባንክ ለመንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ ሲያበድር፣ መያዣው ፓርላማው የፈቀደው ቀረጥ ነበር። የፈረንሳይ ዘውድ እንዲህ ያለ ዋስ አልነበረውም። በ1788 ከወጪው ግማሽ ያህሉ ለዕዳ ይሄድ ነበር፤ በ1789 የሦስቱን መደቦች ጉባኤ ከ1614 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሰብሰብ ተገደደ። «መንግሥት ማለት እኔ ነኝ» የሚለውን አባባል ደግሞ ተዉት፤ ሉዊ 14ኛ ስለመናገሩ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለም።

የተጻፈ ሕግ ያለበት ሁሉ ሕገ መንግሥታዊ አይምሰላችሁ። ዴንማርክ በ1665 የጻፈችው የንጉሥ ሕግ ራሱ ፍጹም አገዛዝን ያቋቋመ ነው፤ ንጉሡን የሉተራንን እምነት እንዲጠብቅ፣ መንግሥቱን እንዳይከፋፍልና ሥልጣኑን እንዳይቀንስ ብቻ ያስረዋል። የታሰረ ንጉሥ ያለበት ሁሉም ደህና አይምሰላችሁ። በፖላንድ ከ1652 ጀምሮ አንድ እንደራሴ ብቻውን ጉባኤውን ማፍረስ ይችል ነበር፤ ያን መብት ያነሣው ሕገ መንግሥት በ1791 ሲወጣ፣ አገሪቱ ከካርታ ልትጠፋ 4 ዓመት ብቻ ቀርቷት ነበር።

ማንበብ ስትጀምሩ ከሕጎቹ ጽሑፍ ጀምሩ፤ የ1689ኙና የ1701ዱ አጫጭር ናቸው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃሉ። ቀኖቹን ግን ተጠንቀቁ። እዚህ የጻፍኳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አውሮፓም ራሷ ያኔ በአንድ አቆጣጠር አትሄድም ነበር። እንግሊዝ እስከ 1752 የቆየውን የዩልዮስ አቆጣጠር ስለያዘች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሆላንድ 10 ቀን ወደ ኋላ ነበረች፤ አዲስ ዓመቷም ማርች 25 ይገባ ነበር። ስለዚህ ቀዳማዊ ቻርልስ የተሰየፈበት ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 በዘመኑ ሰነድ 1648 ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ዊልያም ጦሩን ይዞ በእንግሊዝ ጠረፍ ቶርቤይ የወረደበት ኖቬምበር 5 ቀን 1688 ደግሞ በሆላንዶች ዘንድ ኖቬምበር 15 ነው። ሁለት ደብዳቤዎች በቀን ሲጋጩባችሁ አንዱ ጸሐፊ ተሳስቷል ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት የት አገር እንደተጻፉ እዩ።