ሊግኒንን ከጥቁር ሊከር ስለማውጣት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ክር) ፋብሪካ ውስጥ፣ ኬሚካል መልሶ የሚገኝበት ክፍል ነው። ስለ ሊግኒን ያልገባችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ፦ ከሥሩ እንጀምር። ሊግኒን ምንድን ነው? የፋብሪካው ተረፈ ምርት ውስጥስ እንዴት ገባ?

የእንጨትን ክሮች አጣብቆ የሚይዘው ነገር ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ወረቀት ሠሪው ዋናው ፍላጎቱ ክሩ የተሠራበት ሴሉሎስ ነው። ስለዚህ በክራፍት ዘዴ የተከተፈው እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ይቀቀላል፤ ሙቀቱ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሊግኒኑ ሲሟሟ ክሩ ነጻ ይወጣል። የሚቀረው ፈሳሽ ጥቁር ሊከር ይባላል።

ታዲያ ፋብሪካው ይህን ፈሳሽ አይደፋውም። ውሃውን ያተንንና በሪከቨሪ ቦይለር ያቃጥለዋል። ሊግኒኑ እንፋሎትና መብራት ይሰጣል። ከቦይለሩ ሥር የሚወርደው ቅላጭ ጨው ደግሞ ተመልሶ መቀቀያ ኬሚካል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማገዶው እሱ ከሆነ ለምን ይወጣል? በራስ ላይ መፍረድ አይሆንም?

አንዳንዱ ላይ ይሆናል። ብዙ ፋብሪካ ላይ ግን ማነቆው ራሱ ቦይለሩ ነው። ተጨማሪ እንጨት መቀቀል ይቻላል፤ የሚወጣውን ፈሳሽ የማቃጠል አቅም ግን የለም። አዲስ ቦይለር መትከል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከሊግኒኑ የተወሰነውን ብታወጣ የቦይለሩ የሙቀት ጫና ይቀንሳል፣ ፐልፑም ይጨምራል። ትርፍ እንፋሎት የሌለው ፋብሪካ ግን ባይነካካው ይሻለዋል። ሊግኒን ሸጦ ነዳጅ ሲገዛ ይኖራል።

ጥያቄ፦ አሲድ ሲገባበት ይዘቅጣል ይባላል። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ማዝቀጡማ ቀላል ነው። ፈተናው ማጣራቱ ነው። ጥቁሩ ሊከር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ13 በላይ ነው። በከፊል ከተነነ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል። ፒኤቹ ወደ 10 ሲጠጋ ሊግኒኑ መዝቀጥ ይጀምራል። ሙቀቱን መጠበቅ ግድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ነው። ከቀዘቀዘ ቅንጣቱ ደቃቅ ይሆንና ማጣሪያውን ይደፍናል። ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ሲታጠብ ነው። ማጣሪያው ላይ የቀረውን የሊግኒን ጥፍጥፍ (ኬክ) እዚያው ብታጥበው ጨዉ ቶሎ ይወጣል፤ ፒኤቹ ግን ገና ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከሊግኒኑ ከፊሉ መልሶ ይሟሟል። ኬኩም ይደፈንና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ስዊድን ውስጥ በቻልመርስ ዩኒቨርሲቲና በኢንቬንቲያ የምርምር ተቋም የተሠራው ሊግኖቡስት የተባለ ዘዴ እዚህ ጋ አይታገልም። ኬኩን አንስቶ ፒኤቹ 2 ወይም 3 አካባቢ በሆነ የሰልፈሪክ አሲድ ውሃ ይበጠብጠዋል። ከዚያ እንደገና አጣርቶ ያጥበዋል። የፒኤቹ ለውጥ በብጥብጡ ውስጥ ስላለቀ ኬኩ አይደፈንም። ለእኔ የዘርፉ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው። ዘዴው በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ፕላይማውዝ ባለው የዶምታር ፋብሪካ በንግድ ደረጃ ሥራ ጀመረ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ትንሽ ጥቁር ሊከር አግኝቼ ላብ ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

የሚሠራ ጭስ መሳቢያ ከሌለህ በጭራሽ አትንካው። የክራፍት ሊከር ሰልፋይድ አለው። ፒኤቹ ሲወርድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ይገድላል። ክፋቱ፣ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለህ እንዳትዘናጋ። በኮስቲክ ሶዳ ብቻ ከተቀቀለ፣ ሰልፋይድ ከሌለው ሊከር ጀምር። መምህርህ ይወቅ፣ ብቻህንም አትሥራ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካዎቹስ ሽታውን እንዴት ቻሉት?

ካናዳ የተሠራው ሊግኖፎርስ የተባለ ዘዴ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመግባቱ በፊት ሊከሩን በኦክሲጅን ያክመዋል። የሚሸቱት የሰልፈር ውህዶች ይቀንሳሉ፣ ማጣራቱም ይቀላል። የቀረውን ጋዝ ሰብስቦ ማቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ የገባው ሰልፈሪክ አሲድ መጨረሻው የት ነው?

ሻጮች የማያነሷት ጥያቄ! የማጠቢያው ውሃ ወደ ፋብሪካው ዑደት ይመለሳል፣ ሰልፈሩም አብሮ ይገባል። እንዳይከማች ከቦይለሩ የሚሰበሰበው አመድ በከፊል ይጣላል። አመዱ በብዛት ሶዲየም ሰልፌት ነው፤ ስለዚህ ሶዲየሙም አብሮ ይሄዳል። እሱን ለመተካት ኮስቲክ ሶዳ ይገዛል። የአዋጭነት ስሌት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ይህን ወጪ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ገለባና የሸንኮራ አገዳ ገፈራ የሚቀቅሉ ትናንሽ ፋብሪካዎችስ? ቦይለር የላቸውም።

ፈሳሹ በእርግጥም ወንዝ የሚበክለው እዚያ ነው። ሊግኒኑን ማውጣት ቀለሙንና ብክለቱን በደንብ ይቀንሳል። ግን ሁለት ነገር እወቁ። ገለባ ሲሊካ አለው፤ ፒኤቹ ሲወርድ እሱም ይዘቅጥና ሊግኒኑን ያቆሽሻል። ሌላው፣ ስኳር ነክ ነገሮችና የኦርጋኒክ አሲዶች ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያ አያስፈልገንም የሚል ካለ አትመኑት።

ጥያቄ፦ የሰልፋይት (እንጨቱን በሰልፋይት ጨው የሚቀቅል) ፋብሪካ ሊግኒንም በዚሁ መንገድ ይወጣል?

አይወጣም። እሱ ሊግኖሰልፎኔት ነው፤ በአሲድም ውስጥ ይሟሟል። ኮንክሪትን ለማላላትና የመንገድ አቧራ ለመያዝ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ የክራፍቱን ማን ይገዛዋል?

ካርቦን ፋይበር የሚለው ወሬ ለዓመታት ሲወራ የኖረ ነው፤ እኔ አልቸኩልም። ለባትሪ የሚሆን ካርቦንም እየተሞከረ ነው። አሁን ላይ የማምንበት የኮምፔንሳቶ ማጣበቂያ ነው፤ እዚያ ከፌኖሉ (ከማጣበቂያው ኬሚካል) የተወሰነውን ይተካል። ገዢ ከጠፋም ፋብሪካው ራሱ የኖራ እቶኑን በዘይት ፋንታ ያነድበታል።