ደንበኛ እስኪሏችሁ ድረስ ቆዩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤታችን ወጣት ባለሙያዎች አንዷ ካርታ ዘርግታ አሳየችኝ። የጀርባ ቦርሳዋን አንግታ በሦስት ሳምንት አምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮችን ልታዳርስ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረችው መንገድ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። «አራቱን ሰርዢ» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ለእሷ በቃል የጀመርኩትን ለእናንተም በጽሑፍ ልጨርሰው።

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ድንች ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኩባ ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ስለነበርኩ ያደግኩት «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት፣ የተማርኩትም በስፓኒሽ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ የድንችን የትውልድ አገር ልየው ብዬ ቦርሳ ተሸከምኩና ወደ ቦሊቪያ ሄድኩ። ድንች ከቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ ደጋዎች ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ሰብል ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ነው። ጎጃም ማሳ ላይ ስንት ዓመት ያየሁት ነገር እናቱ ቤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጓጉቼ ነበር።

ሲጀመር ትምክህቴን አየሩ ሰበረው። የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር። ለካ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ከላ ፓስ ከተማ በላይ ያለው የኤል አልቶ አውሮፕላን ማረፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው! ሻንጣ እንኳ ያልያዝኩ ሰውዬ ከአውሮፕላኑ ወርጄ ሃያ እርምጃ እንደሄድኩ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሕመሙን «ሶሮቼ» ይሉታል። በማረፊያዬ የኮካ ቅጠል ሻይ ሰጡኝ፤ እዚያ ሕጋዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕገ መንግሥታቸውም ቅርሳችን ብሎ አውቆታል። እናንተ ግን ከዚያ አገር ስትወጡ አንዲት ቅጠል ኪሳችሁ ውስጥ እንዳትገኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በዝግታ ሂዱ፣ ጥቂት ብሉ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርታችሁ አትለዩት። ስለ ጤና ይኸው ይበቃል።

ላ ፓስ የምትታይ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሰው ከኤል አልቶ ወደ ሥራው የሚወርደው በአየር ላይ በገመድ በሚሄድ መጓጓዣ ነው። በምክር ቤቱ ሕንፃ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቁጥሮቹም ተገልብጠው ነው የተጻፉት። ሌሎቹ ጎብኚዎች ሲደነቁ እኔ አልደነቀኝም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብሎ የሚቆጥር ሕዝብ ልጅ በሰው ሰዓት ምን ይስቃል?

ዋናው ትምህርት የመጣው ከሮድሪጌስ ገበያ ነው። እናቶች በሰፊ ቀሚሳቸውና በክብ ባርኔጣቸው መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሐምራዊ ድንች፣ ጥቁር ድንች፣ የአውራ ጣት ያህል የተጠማዘዘ ድንች አለ። ልቤ ጠፋ። ወደ አንዲት ከኔ ጠና ወደሚሉ ሴት ጎንበስ አልኩና በኩባ ስፓኒሽ «ይኼን ምን ትይዋለሽ?» ስል ጠየቅኩ። ኩባ ውስጥ ሁሉም ሰው «አንተ» እና «አንቺ» ነው። ሴትየዋ ፊታቸውን ወደ ሌላ ገዢ አዞሩ። ሁለተኛ ጠየቅኩ፣ ዝም አሉ። ከጎኔ ድንች የሚመርጥ ጎረምሳ በሹክሹክታ «ጌታዬ፣ እዚህ ለማናውቀው ሰው ኡስቴድ ነው የምንለው» አለኝ።

ኡስቴድ ማለት የኛው «እርስዎ» ነው። እናቴን በአንቱታ እየጠራሁ ያደግኩ ሰው ባሕር ማዶ ስሻገር ሁሉንም ረሳሁት። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

በማግሥቱ ተመልሼ በእርስዎ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ግማሽ ኪሎም ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን የአገሬውን ቋንቋ አይማራን የሚናገሩ ተማሪዎች ያስተማሩኝን «ካሚሳኪ» አልኳቸው፤ እንደምን ነዎት ማለት ነው። «ዋሊኪ» ብለው መለሱልኝና ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። በአምስተኛው ቀን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ካሴሪቶ!» ብለው ጠሩኝ። ይህ ቃል ሻጭና ገዢ እኩል የሚጠራሩበት ነው፤ መርካቶ «ደንበኛ» እንደምንባባለው ማለት ነው። ድንቹን መዝነው ሲጨርሱ ከላይ ሦስት ፍሬ ጣሉበት። እሱንም «ያፓ» ይሉታል። እኛ «መርቂልኝ» ብለን የምንለምነውን እሳቸው ሳልጠይቅ መረቁኝ።

አምስት አገር በሦስት ሳምንት የሚያዳርስ ሰው ያፓ የሚቀምሰው መቼ ነው? ለዚህ ነው አራቱን ሰርዢ ያልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ሴትየዋ «ድንች እንዲህ የምትወድ ከሆነ ቹኞ ስንሠራ ና» ብለው (ቹኞ በውርጭ የደረቀ ድንች ነው) በሐይቁ አቅጣጫ ወዳለው መንደራቸው ወሰዱኝ። ጊዜው ሰኔ፣ የእነሱ ክረምት ነው። መንዝ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ውርጭ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ገብሱን በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል። እዚያ ግን ውርጭ ይጠበቃል። ትንንሾቹን ድንቾች ሜዳ ላይ ዘርግተው ለብዙ ሌሊት ያስመቷቸዋል፣ ቀን ፀሐይ ያቀልጣቸዋል። ከዚያ ጫማ ይወልቃል። ማልደን በባዶ እግራችን ወጣንባቸው። ድንቹ ከእግሬ ሥር እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጣቶቼ መካከል ይፈልቃል፣ ልጣጩ ይንሸራተታል። እኔ እንደ ጭቃ አቡኪ ስረግጥ እሳቸው በተረከዛቸው እያሹ፣ ሳይፈርስ ውኃውን ብቻ ያወጡታል። ውኃው ከወጣ በኋላ እስኪደርቅ ይሰጣል፤ የደረቀው እንደ ጠጠር ቀላልና ጠንካራ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ስንት ዐውደ ጥናት ተቀምጫለሁ! ይህን ያህል የገባኝ አንድም የለም።

ለሥራው የመጡት ጎረቤቶች ነበሩ። «ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለእነሱ» አሉኝ ሴትየዋ፤ ስሙ «አይኒ» ነው። ወንፈል ነው በሉት፣ አንድም ልዩነት አላገኘሁበትም። ቀትር ላይ ልጅ የሚያዝሉበትን ባለ ቀለም ጨርቅ መሬት ላይ አነጠፉና እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን አፈሰሰበት። ባቄላ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ የተቀቀለ ቹኞ። በእጃችን በላን። ከመጠጣቸው በፊት ለምድር ትንሽ ጠብ ያደርጋሉ፤ ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር ነው።

እዚያው አንድ ስሕተት ደገምኩ። ስልኬን አውጥቼ ላነሣ ስል አንዷ ጎረቤት ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፋች። ላሊበላ ላይ ነጠላ ለብሰው የሚጸልዩ አሮጊቶችን ካሜራ ሲከባቸው አይቼ ስንቴ ተናድጃለሁ! ስልኩን መለስኩት። ልትጠይቁ ካልደፈራችሁ አታንሡ።

ሴትየዋን የሚቀጥለው ዓመት ምርት ምን ይመስል ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው አውራ ጣታቸውን ከትከሻቸው ወደ ኋላ ጠቆሙኝ። በአይማራ ያለፈው ጊዜ «ናይራ» ነው፣ ዓይንም ፊትም ማለት ነው፤ የሚመጣው «ቂፓ»፣ ጀርባ ነው። ያለፈው ስለታየ ከፊት ነው፣ ያልታየው ከኋላ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሳሰላስል እኛም ያለፈውን «በፊት»፣ የሚመጣውን «በኋላ» እንደምንል ትዝ አለኝ። «ወደፊት» የምትለዋ ቃል ግን ነገሩን ታበላሽብኛለች። የቋንቋ ባለሙያዎች ካላችሁ ድረሱልኝ።

ስለ ፖቶሲ ትጠይቁኛላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1545 ጀምሮ ስፔንን በብር ማዕድን ያበለጸገው ተራራ እዚያ ነው፤ ዛሬም ጎብኚዎችን ወደ ጉድጓዱ ያስገባሉ። እኔ አልገባሁም። ሰው አቧራ እየዋጠ ሲቆፍር ቆሞ ማየት አልሆነልኝም። ለማዕድን አውጪዎቹ ገቢ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ፍርዱ የእናንተ ይሁን። መንገድ በሰልፍ የሚዘጋበት ቀን ስለማይጠፋም ከመመለሻችሁ በፊት ትርፍ ቀናት ያዙ።

በመጨረሻው ቀን ልሰናበት ገበያ ስሄድ ሴትየዋ የሁሉንም ቀለም ድንች ከረጢት ሙሉ ሰጡኝ። በሽታ ይዞ እንዳይገባ ድንች ያለ ፈቃድ ድንበር እንደማይሻገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የእናት ስጦታ ግን አይመለስም። ወደ ማረፊያዬ ማዕድ ቤት ወስጄ ሁሉንም ቀቀልኩት። የየአገሩ ወጣቶች የፓስታ ማሰሮአቸውን ትተው መጡና በጥፍራቸው እየላጡ በሉ። አንዱ ሐምራዊውን ገምሶ እያየ የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። የረድፉን ቦታ ነገርኩት፣ «ኡስቴድ ማለት እንዳትረሳ» አልኩት። አመሰገነኝ። ግን አውቶቡሳቸው ወደ ኡዩኒ የጨው ሜዳ የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነበር።