ዳንስ ሙቭመንት ቴራፒ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች፦ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ፣ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር በዳንስ ሙቭመንት ቴራፒ ነው የምሰራው፣ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚሰጥ የስነ ልቦና ህክምና ማለት ነው። ዛሬ ማታ አለሁ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እኔ እስክስታ እንኳን አልችልም፣ ይሆነኛል?

መልስ፦ ኧረ ማንም እስክስታ አያስወርድሽም! ስቴፕ የለም፣ መስታወት የለም፣ የሚቀርፅም የለም። የመጀመሪያ ቀን ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን እግራችን ወለሉን ሲረግጥ ምን እንደሚሰማን ነው የምናየው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከዙምባ በምን ይለያል?

መልስ፦ ዙምባም ጥሩ ነው ሂጂ፣ ግን እዛ አሰልጣኟን ነው የምትከተይው። እኛ ጋ አንቺ ትጀምሪያለሽ እኔ እከተልሻለሁ፣ እጅሽን ትንሽ ካነሳሽ እኔም ትንሽ፣ ካቆምሽ አቆማለሁ። ይሄን አሰራር ያመጣችው ማሪያን ቼስ የምትባል ዳንሰኛ ናት፣ እኤአ በ1942 እዚሁ ዲሲ ሴንት ኤልዛቤትስ የአእምሮ ሆስፒታል ነው ስራ የጀመረችው። ስንት ዓመት ሙሉ ተነሺ ቁጭ በይ ዝም በይ ስትባል ለኖረች ሴት፣ ሰው እሷን ሲከተላት ማየት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ሰው ከኋላዋ ሲያልፍ ትደነግጣለች፣ ስለደረሰባት ማውራት ግን አትፈልግም። ሳታወራ ይጠቅማታል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ታሪክሽን ካልነገርሽን አትባልም። ሰውነት አደጋ ሲያይ ወይ ይሸሻል ወይ ይታገላል ወይ ድርቅ ይላል፣ ችግሩ አደጋው ካለፈም በኋላ ትከሻው እንደተሰቀለ ትንፋሹ እንዳጠረ መቅረቱ ነው፣ ስራችን እሱ ላይ ነው። እንደሷ ያለችዋን በሩ የሚታያት ቦታ ነው የማስቀምጣት፣ ከኋላዋ ማንም አይቆምም፣ እኔም ሳልጠይቅ አልነካትም። ደግሞ አደራ፣ ዩቲዩብ አይታችሁ አይንሽን ጨፍኚና በረጅሙ ተንፍሺ እንዳትሏት፣ አንዳንዷን አይን መጨፈኑ ራሱ እዛው ቀን ላይ ይመልሳታል።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ፋሽን አይደል? ያድናል ወይ?

መልስ፦ ህንድ ሂድና እይ። ሶሂኒ ቻክራቦርቲ የምትባል ሴት እኤአ በ2004 ኮልካታ ሳንቬድ የሚባል ድርጅት አቋቁማ ከሰው ንግድ ከወጡ ሴቶች ጋር ትሰራለች፣ ከነሱ መሃል ራሳቸው አሰልጣኝ የሆኑ አሉ። ያድናል ብዬ ግን አልምልልህም፣ ጥናቶቹ ተስፋ ይሰጣሉ፣ ብዙዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ሀኪም ያዘዘው መድሃኒት አይቆምም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ባሌ አሁንም ይመታኛል። ልምጣ?

መልስ፦ የኔ እህት ቴራፒው ይደርሳል፣ መጀመሪያ አንቺ ከሱ እጅ ውጪ። 1-800-799-7233 ደውዪ፣ የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ አማርኛ በያቸው አስተርጓሚ ያገናኙሻል። በራስሽ ስልክ አይሁን፣ ሂስትሪው ላይ ያየዋል፣ የጓደኛሽን ወይ የስራ ቦታ ስልክ ተጠቀሚ።