ለኮንዶሚኒየም ቤተሰብ ውሻ ወይስ ድመት? መጀመሪያ ሰዓታችሁን ቁጠሩ

እህቴ፣ ሌላውም እንዲከታተለው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ቤታችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አንቺም ባለቤትሽም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥታችሁ ማታ 12 ሰዓት ትገባላችሁ። ልጆቹ የ4 እና የ9 ዓመት ናቸው፤ ቀን ሞግዚቷ ከትንሹ ጋር ትውላለች። ልጆቹ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ካላመጣችሁ ብለው ይዘዋችኋል፤ እናንተም «ለልጆቹ ጓደኛ፣ ለቤቱ ጠባቂ» ይሆናል ብላችሁ እያሰባችሁ ነው።

ቡችላው ይቅርባችሁ። ችግሩ ዘሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ቡችላ ሽንቱን የሚይዝበት ሰዓት በግምት ዕድሜው በወር ሲቆጠር አንድ ተጨምሮበት ነው፤ የሁለት ወሩ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይይዛል። ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ መውጣት አለበት። ይህ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል አራት ፎቅ መውረድና መውጣት ነው፤ ሞግዚቷ ያንን ስታደርግ የ4 ዓመቱ ልጅ ከማን ጋር ይቆያል?

ሌላም አለ። የቡችላ ክትባት ከ6–8 ሳምንቱ ተጀምሮ በየ3–4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ የሰፈር ውሻ የሚውልበትን መሬት ባይረግጥ ይመረጣል፤ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ቡችላን ደግሞ ደም በቀላቀለ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ግቢ ያለው ሰው አጥሩን ዘግቶ ይገላገላል። የብሎኩ ቅጥር ግን የሁሉም ውሻ መዋያ ነው። ሽንት ለመልመድ መውጣት አለበት፣ ከበሽታ ለመዳን ደግሞ መውጣት የለበትም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቡችላ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሲያድግ 30 ኪሎ አልፎ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ደረቅ ምግብ ከሆነ በቀን ከ300 እስከ 450 ግራም ይበላል፤ በወር 12 ኪሎ ገደማ ያዢ። ያንን ጉልበት የሚያወጣበት ሲያጣ በረንዳ ላይ ታስሮ ሲጮህ ይውላል፣ ጎረቤት ይማረራል፣ ሰንሰለቱ ያጥራል፣ ጠባዩ ይከፋል። «ለጥበቃም ለልጅም» የሚባለው ሐሳብም አብሮ አይሄድም። እኛ አገር ጠባቂ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ቀን ይታሰራል፣ ከሰው ይርቃል፤ ለልጅ የሚሆነው ግን በየቀኑ ሰው የለመደው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ጥሩ የበር ቁልፍ ከውሻ ይበልጣል።

ለእናንተ የሚሆነው ከአንድ ዓመት በላይ የሆናት፣ እንዳትወልድ በሐኪም የመከነች ድመት ናት። ልጆች ያሉበት ቤት ያደገች ብትሆን ይበልጥ ጥሩ። ግልገል አትምረጪ፤ የ4 ዓመት ልጅ አጥብቆ ያቅፋል፣ ግልገል ደግሞ ይቧጭራል። ጠባይዋም ገና አይታወቅም፤ የትልቋ ግን ያን ዕለት ይታያል። መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ራሷ መጥታ ካሸተተችሽ፣ ጀርባዋን ስትነኪያት ካልሸሸች ጥሩ ነው። ጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ የጆሮ ቅንቅን ነው፤ ይታከማል፣ ግን ቤት ሳትገባ ይጀመር። ፀጉሯን አበጥሪና የወረደውን እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፊው፤ ጥቁሩ ነጥብ ወደ ቀይ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው። ፊቷ ወይም ጆሮዋ ጠርዝ ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካለ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያያት ለልጅ አትስጪያት፤ ከድመት ወደ ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል።

አሁን ወደምትጸዳዳበት ሳፋ። ድመት ቤት አበላሸች ከሚሉት ብዙዎቹ ያበላሹት ሳፋውን ነው። ወርዱ 40፣ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሳፋ ይበቃል። የድመት አሸዋ ካልተገኘ ተነፍቶ የደረቀ ደቃቅ አሸዋ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሙዪበት። ከምግቧ አርቂው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብም አታድርጊው፤ ማሽኑ ሲያጓራ አንዴ ከደነገጠች አትመለስም። ቆሻሻው ጠዋትና ማታ ይነሳ፣ በሳምንት አንዴ ሙሉ አሸዋው ይቀየር። ሳፋውን በሙቅ ውኃና በተራ ሳሙና እጠቢው እንጂ በበረኪና አይሁን፤ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ነፍሰ ጡር ካለች ሳፋውን ሌላ ሰው ያጽዳው፤ ጽንስ የሚጎዳው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ከኩስ ጋር ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ሳይቆይ አይዝም፣ በየቀኑ ማንሳቱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

መስኮትና በረንዳ ላይ የሽቦ ወንፊት ይመታ። የወባ መረብ አይበቃም፣ በጥፍሯ ትቀደዋለች። ድመት ከፎቅ አትወድቅም የሚለውን አትመኑት፤ ወፍ ስታይ ከፍታውን ትረሳለች።

ምግቧ እንጀራ በወተት አይሁን። ድመት ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ካጣች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፤ ወተቱ ደግሞ ብዙዎቹን ትላልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። መሠረቱ ደረቅ የድመት ምግብ ይሁን፤ ለ4 ኪሎ ድመት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም፣ ማለትም በወር 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሥጋ ስትጨምሪላት ጨው ሳይገባበት ቀቅለሽ ከነመረቁ ስጫት፣ ታውሪኑ ወደ መረቁ ይወጣልና፤ የደረቁን ምግብ ያንን ያህል ቀንሺ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችም በአብዛኛው ይዘጋሉ፤ ደረቁን ምግብ አስቀድመሽ ግዢ። ወጥ ግን በፍጹም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትንም የውሻንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ስታማት ፓራሲታሞል የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ግማሽ ኪኒን እንኳ ድመት ይገድላል። ብሎኩ ውስጥ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ካለም ከቤት እንዳትወጣ፤ መርዝ የበላች አይጥ ለእሷም መርዝ ናት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ድመትንም ይመለከታል፤ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ተከትባ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። ልጆቹን ከአሁኑ አስተምሪ፦ የማንም ውሻ ወይም ድመት ከነከሳቸው ወይም ከቧጨራቸው ቁስሉ ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይኬድ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ዓሣ ይቀላል የሚባለው ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበትና መብራት ለሚጠፋበት ቤት አይሠራም። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉ ውኃ ይቀየራል፣ አዲሱ የዓሣ ገንዳም ዓሣውን በደንብ ለመሸከም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ጥንቸል ደግሞ አጥንቷ ስስ ነው፤ ትንሹ ልጅ ሲያነሳት ተወራጭታ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች።

የ9 ዓመቱ ልጅ ውኃ መቀየርና ምግብ መመዘን ይችላል። ሳፋው ግን የአዋቂ ሥራ ነው፤ ማን እንደሚያነሳው ድመቷ ሳትመጣ ተነጋገሩ። ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አንድ ክፍል ውስጥ ከሳፋዋና ከውኃዋ ጋር ተዋት። አልጋ ሥር ብትገባ ልጆቹ እንዳይጎትቷት፣ ሲርባት ራሷ ትወጣለች። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ለባለቤትሽ አንሺበት፦ ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ የቤቱን ቁልፍ ይዞ በቀን አንዴ ምግብ የሚሰጣት፣ ሳፋውን የሚያነሳ ጎረቤት ማን ነው?